ለሰው ዓይን፣ ለክፉ ቀን

የሰው ኪስ መቁጠር እንጀራዬ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ፤ ግብር ሲደርስ መዝገባቸውን አዘጋጃለሁ፣ ብድር ሲፈልጉ ባንክ የሚጠይቀውን ወረቀት አሟላለሁ። ደሴ ፒያሳ ካለችው ጠባብ ቢሮዬ ተነስቼ ሐረጎን ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ውዬ ማታ ሹራቤን ደርቤ እመለሳለሁ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው አንድ ክፉ ዓመል ይለምዳል። መኪና ሲያልፍ ብድሩ ይታየዋል። ፎቅ ሲያይ ካርታው የትኛው ባንክ ካዝና ውስጥ እንደተኛ ያስባል። ሰርግ ተጠርቼ እንኳ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የካሜራውን ሰው በልቤ ስደምር ወጡ ይቀዘቅዝብኛል።

ነጋዴ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱን ለግብር ሠራተኛ፣ ሌላውን ለአማቶቹ ያሳያል። በ2009 ዓ.ም. የደረጃ ሐ ነጋዴዎች፣ ማለትም ያኔ በዓመት ከ500 ሺህ ብር በታች ይሸጣሉ የሚባሉት፣ የቀን ገቢያቸው ሲገመት የሆነውን የሚረሳ የለም። ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ይዞሩ ነበር። መጡ ሲባል መደርደሪያው ይራቆታል፣ ዕቃው ጓዳ ይገባል፣ ባለሱቁ ጃኬቱን አውልቆ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሹራብ ያጠልቃል። "ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሳሙና ነው የሸጥኩት፣ እሱንም በዱቤ" ይላል ዓይኑን በጨው አጥቦ። ያው ሰው በዚያው ሰሞን ልጁን ሲድር የተከራያቸውን መኪኖች አስከትሎ ከሮቢት እስከ ቧንቧ ውሃ ክላክስ ሲያስነፋ ይውላል።

ሁለቱም ፊት ለሰው ተብሎ የተሠራ ነው። እኔ መዝገቡን ስከፍት የማገኘው ሦስተኛ ሰው አለ፤ እሱን አንዳንዴ ባለቤቱም አያውቀውም።

ሀብታም መምሰልን ግን እንዲያው ቅብጠት ነው ብዬ ማለፍ አልወድም። "አትታይ፣ ዝም ብለህ ቆጥብ" የሚሉ መካሪዎች ሱቅ ከፍተው የሚያውቁ አይመስለኝም። የእኛ አገር ንግድ በዱቤ ነው የሚሄደው። ከመርካቶ ጨርቅ የሚያወርድ ሰው ግማሹን ከፍሎ ለግማሹ ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ይሰጣል። የመርካቶው አከፋፋይ የደሴውን ደንበኛ የባንክ ደብተር አያይም። ሱቁን ያያል፣ መኪናውን ያያል፣ ምሳ ሲጋብዝ እጁ ይፈታ አይፈታ ያያል። መኪናውን የሸጠ ነጋዴ ሳምንት ሳይሞላው "ምነው፣ ምን ነካው?" ይባላል፤ ከዚያ ያበደረውም ዱቤ የሰጠውም በሩ ላይ ይሰለፋል። እንዲህ ሲታይ መኪናው የትም ያልተመዘገበ መያዣ ነው። ሰውየው ባዶውን የሚያብረቀርቀው ሞኝ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ካላብረቀረቀ ነገ የሚሸጠው ዕቃ የለውም።

ችግሩ ይሄ ዓይነቱ አመኔታ የሚሠራው ሁሉም ነገር ሲሄድ ብቻ መሆኑ ነው። ገበያ አንድ ወር ሲቀዘቅዝ ያ ቼክ ቀኑን ጠብቆ ባንክ ይደርሳል። ስንቅ የሌለው ቼክ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስከስሳል፤ ትናንት ክላክስ ያስነፋ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ይልካል።

ኮምቦልቻ አንድ ወጣት ደንበኛ አለኝ፤ በሚሌ በኩል ጅቡቲ የሚመላለስ ሲኖትራክ አለው። ሲኖትራኩን በብድር ነው የገዛው። ይሁን፣ እሱ ሥራ ነው፣ ራሱን ይከፍላል። ቀጥሎ እቁብ ሲደርሰው ብሩን ቅድሚያ ክፍያ አደረገና በሌላ ብድር ለራሱ መንጃ ነጭ ቶዮታ ጨመረ። አንድ ከሰዓት ስቴትመንቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተን አሰላን። ዕዳው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ ጊዜው አምስት ዓመት። የወር ክፍያው 38 ሺህ ብር ገደማ መጣ። እስኪጨርስ ድረስ ወለድ ብቻ ከ780 ሺህ ብር በላይ ይከፍላል። ካልኩሌተሩን ወደሱ አዞርኩለት፤ አየውና ስልኩን መነካካት ጀመረ።

"ሲኖው አንድ ወር ጋራዥ ቢቆምብህ ይሄን ከየት ታመጣለህ?" አልኩት።

"እትዬ፣ አይቆምም።"

"መኪና እኮ ነው።"

"አብሽሪ፣ አይቆምም አልኩሽ።"

ከወለዱ የሚብሰው የሰው ግምት ነው። ሰው የሚጠየቀው ባለው ልክ ሳይሆን በታየው ልክ ነው። መስጊድ ሲታደስ፣ የቤተክርስቲያን ጣሪያ ሲቀየር፣ የዘመድ ልጅ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ሲሄድ፣ የጎረቤት ልጅ ሲመረቅ፣ ዝርዝር በተያዘ ቁጥር የሱ ስም ከላይ ይጻፋል። አምስት ሺህ ብር ኪሱ አድርጎ የመጣውን ሰው በማይክ "ወንድማችን 50 ሺህ!" ብለው ያስጨበጭቡለታል። እምቢ እንዳይል መኪናው በር ላይ ቆሞ ይመሰክርበታል። እኔ መዝገቡ ላይ "ልዩ ልዩ ወጪ" ብዬ የምጽፈው ከፍ እያለ ሄዶ ከሱቅ ኪራዩ የበለጠበት ደንበኛ አለኝ። መስጠቱን አልነቅፍም፤ ወሎ ተሰጣጥቶ ነው የኖረው። በሌለው መስጠቱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ያን ጊዜ የሚሰጠው የአከፋፋዩን ብር ነው፣ አከፋፋዩ ሳያውቅ።

ሸዋ በር አካባቢ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ አሉ። ረመዳን ሲገባ የዘካቸውን ሒሳብ ልንሠራ እንቀመጣለን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እሳቸው ግን "ቁጥር ሃይማኖት የለውም ልጄ፣ ደምሪ" ይሉኛል። ምራቃቸውን እየዋጡ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደርጉና እያንዳንዷን መስመር በጣታቸው ይከተላሉ። መጀመሪያ በእጅና በባንክ ያለውን ጥሬ ብር እንጽፋለን። ቀጥሎ ለሽያጭ የተቀመጠውን ዕቃ፣ ዛሬ በሚሸጥበት ዋጋ። ከዚያ ሰው እጅ ያለውን ዱቤ፤ እዚህ ላይ ሐጂ ጨካኝ ናቸው፣ አይከፍልም ብለው ካመኑ "ሰርዢው፣ እሱ የለም" ይላሉ። ከድምሩ የደረሰባቸው ዕዳ ይቀነሳል። የተረፈው ኒሷብ ከሞላ፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ያህል ከሆነና አንድ የጨረቃ ዓመት ከቆየ፣ 2.5 በመቶው ለባለ መብቶቹ ይወጣል።

የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም። የሚነዱት መኪና አይቆጠርም። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ቁም ሳጥኑ ሙሉ ልብስ አይቆጠርም። ሴቶች በሚያደርጉት ጌጥ ላይ ሊቃውንቱ ይለያያሉ፤ ሐጂ ለጥንቃቄ ብለው የባለቤታቸውንም ያስቆጥሩኛል፣ እሳቸው ደግሞ ከጓዳ "አንገቴን ሊያስመዝኑ ነው እንዴ!" ይላሉ። እኔ ትምህርት ቤት የተጣራ ሀብት እየተባለ የተማርኩት በዚህ ስሌት ፊት ለዘብ ያለ ነው፤ የእኛው ቪላውንም ቶዮታውንም ደምሮ ሰውን ያስደስታል። የሐጂ ስሌት ሰው ያየልህን ሁሉ ከወረቀቱ ያወጣና "አሁን ስንት አለህ?" ይላል።

የባለ ቶዮታውን ሒሳብ በዚህ መንገድ ለራሴ ሞከርኩት። ኒሷብ አጠገብ አልደረሰም። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ደግሞ ባለ ዕዳ ነው። ስሙን ሳልጠራ "እንዲህ ያለ ሰው ተቀባይ ሊሆን ነው እንዴ?" ብዬ ሐጂን ጠየቅኳቸው። ሳቁ። "እሱማ መጀመሪያ መኪናውን ሽጦ ይክፈል!"

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ገባ፤ እስከ ኅዳር ማለቂያ ቆየ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ የማወራው የኪስን ነገር ብቻ ነው። ባንክ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ መብራት ሄደ። ስልክ ውስጥ ያለ ሚሊዮን አንድ ዳቦ አልገዛም። አራት ፎቅ ሕንጻ ያለው ሰው ከተከራዩ ሽሮ ተበድሯል፤ ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ማዋረድም የለበትም፣ ተከራይዋ ሰፍራ ሰጠችው። ያን ሰሞን ሰው የኖረው ጓዳ ባለ እህል፣ መቀነት ውስጥ በታሰረ ብርና ገጠር ባለ ዘመድ ነበር።

ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሱቁን ከፍቶ ባዶ ግድግዳ ያገኘው ብዙ ሰው ነው። ዕቃው ሄዷል፣ ዕዳው የትም አልሄደም። ደንበኞቼ የመድን ውላቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፤ መደበኛው የእሳትና የስርቆት መድን ጦርነትን አይሸፍንም። ለፖለቲካ ሁከትና ለሽብር ተብሎ በተጨማሪ አረቦን የሚገዛ ሽፋን አለ፣ ከመጡት ውስጥ እሱን የገዛ አላገኘሁም። አንዱ ለሰርግ ቪዲዮ ያወጣው ብር ያንን አረቦን ይከፍል ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

ሰኞ ገበያ እህል የሚነግዱ አንድ ጋሼም ተዘርፈዋል። ካፖርታቸው የንጉሡን ዘመን ያየ ይመስላል፣ ሒሳባቸውን የሚይዙት በልጆች ደብተር ነው፣ መኪና የላቸውም። ግን የማንም ብር አልነበረባቸውም። ታኅሣሥ ላይ ከቦሩ ሜዳ በኩል ያሉ ገበሬዎች "ሲሸጥ ትከፍላለህ" ብለው እህል አራገፉላቸውና ሚዛናቸውን ተከሉ። እሳቸውም በአመኔታ ነው የተነሱት፣ እንደ ጨርቅ ነጋዴው። ልዩነቱ ገበሬዎቹ መኪናቸውን አይተው አይደለም የሰጧቸው፤ ስንት ዘመን በቀጠሮው ቀን ሲከፈላቸው ኖረዋል።

ጋሼን ግን ጻድቅ አላደርጋቸውም። ቤታቸው ስኳር የሚቀመጠው በቁልፍ ነው። ጥርሳቸውን ከማስነቀል መታመም ይመርጣሉ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሰጡትን ጫማ ያየ ሰው ያለቅሳል። ባለቤታቸው አንድ ቀን ቡና እያፈሉ "እኔ እኮ የሀብታም ሚስት መሆኔን ያወቅኩት ከዘራፊዎቹ ነው" አሉኝ። ስንት ኩንታል እንደተወሰደ ሲወራ ሰምተው ነው እንጂ ጋሼ ነግረዋቸው አያውቁም። ከድህነት ፍርሃት ያልወጣ ሰው ጥሪቱ ምን ያህል ቢሆን ተረጋጋ ልለው ይቸግረኛል። ከባለ ቶዮታውና ከጋሼ ማን ይሻላል ብትሉኝ ለራሴ ጋሼን እመርጣለሁ፤ ለባልነት ግን አስቤ ነው።

ቆጥቡ ለሚሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በምን? የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር፣ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ በዓመቱ 107 ሺህ አገኘ፤ በ100 ሺህ ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130 ሺህን አልፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመቱ ሳይወጣ 100 ብርን ተሻገረ። ያን ጊዜ ብልጥ የተባለው ባለ ወርቁ፣ ባለ ፌሮው፣ ባለ መኪናው ነው። ብሯን በደንብ በሥርዓት ባንክ ያኖረች አስተማሪ ጓደኛዬ "ሞኟ እኔ ነኝ" አለችኝ፤ ምንም ልመልስላት አልቻልኩም።

ስለዚህ የሚታይ ነገር ሁሉ ከንቱ፣ የተደበቀ ሁሉ ጥሪት ነው የሚለው ለእኛ አገር አይሠራም። እኔ ደንበኞቼን የምጠይቃቸው ሌላ ነው። ይሄን ነገር በክፉ ቀን፣ ሰው ሳትለምን፣ በሳምንት ውስጥ ብር ታደርገዋለህ? ስትሸጠው የሚተርፍህ ያንተ ነው ወይስ የባንክ? ወርቅ ያልፋል። ያልተበደሩበት የሱቅ ዕቃ ያልፋል። ዕዳ የሌለባት አሮጌ ቪትዝ ሳይቀር ታልፋለች። የሦስትና የአራት ወር የቤት ወጪ በጥሬው ይቀመጥ ስላቸው "ንረቱ ይበላዋል" ይሉኛል። ይብላው። እሱ የእንቅልፍ ዋጋ ነው። ቅሬውም አለ፣ የሌላው አገር እድር፤ ግን ቅሬ የሚደርሰው ለቀብር ነው፣ ለወር ክፍያ ድንኳን አይጥልም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የአረብ አገር ልጆች ሒሳብ ነው። ወሎ ውስጥ ልጇ ሳውዲ ያልሄደችባት እናት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በየሰፈሩ ከቆርቆሮ ቤቶች መሀል ብድግ ያለ ባለ ሴራሚክ ቤት ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የአንዲት ልጅ ጉልበት ነው። በ2006 ሳውዲ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ፣ ብዙዎቹ በሠሩት ቤት እንግዳ ሆነው ነው የገቡት።

እኛ ሰፈር፣ ጢጣ፣ አንዲት ልጅ ለዕረፍት መጥታ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ሪያድ ነው የምትሠራው። ዓባያዋን ሰብስባ ተቀመጠችና "እስኪ ያለኝን ደምሪልኝ፣ ተመልሼ ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን ልወስን" አለችኝ። መቁጠር ጀመርን። ቤቱ፣ ምድሩ ያለቀ፣ ፎቁ የተጀመረ፤ ካርታው በአባቷ ስም። ባጃጁ፤ ሊብሬው በወንድሟ ስም። እቁቡ በእናቷ ስም። ላሟም የእናቷ ናት። እያንዳንዱን ስንጽፍ "በማን ስም ነው?" እላታለሁ፣ ትመልሳለች፣ እኔም ከወረቀቱ ሌላ ጎን እጽፈዋለሁ። በሷ ጎን በመጨረሻ የቀረው ክንዷ ላይ ያለው ወርቅና ለመመለሻ ቲኬት የያዘችው ብር ነበር። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። "ሰፈር ውስጥ ሲያገኙኝ ‘ባለ ፎቋ’ እያሉ እኮ ነው የሚጠሩኝ" አለች።

አባቷን በጋራ አነጋገርናቸው። ቤቱን በስጦታ ውል ወደሷ ማዛወር ይቻላል፣ ካልሆነም ድርሻዋ በጽሑፍ ይቀመጥ አልኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስትልክላቸው ከኖረችው ብር አንድ ሳንቲም አላባከኑም፣ ሲሚንቶውን በራሳቸው ትከሻ ነው ያወረዱት። ግን ፊታቸው ጠቆረ። "እኔ ሳልሞት ካርታ ልታወጣ? ሰው ምን ይላል? ልጅቱ ከአባቷ ተካሰሰች አይባልም?" አሉ። ልጅቱ መሬት መሬት አየች። እዚያ ላይ መግፋት አልቻልኩም፤ የሰው ቤት ነው።

ስለዚህ በሚቻለው ሄድን። ወለድ ስለማትፈልግ በወለድ አልባ አገልግሎት በስሟ ብቻ ሒሳብ ከፈተች። ተመልሳ ከሄደች ወዲህ ከደመወዟ ግማሹን እዚያ ታስገባለች፣ ግማሹን ለቤት ትልካለች። ደረሰኙን በቴሌግራም ታደርስልኛለች፤ እኔም የወሩን ድምር መልሼ እልክላታለሁ፣ ከሥሩ "በስምሽ" ብዬ። የቤቱ ሥራ በርግጥ ተንቀራፈፈ። የፎቁ መስኮት ፍሬም ተገጥሞ መስታወቱ ቀርቷል፣ ክረምቱን በሸራ ነው ያሳለፈው።

የሰፈራችን ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ አባትየውን በየጊዜው አገኛቸዋለሁ። ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ይቀበላሉ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ቡና ስንጠብቅ አጠገቤ ተቀመጡና "መስኮቴ የቀረው ባንቺ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።